በአህመዲን ጆሮ ላይ ያደረግሁት

ይህን ነገር ተናግሬው አላውቅም። እናቴ አታውቀውም፤ ሚስቴም አታውቀውም። "ኑሩ ከእኔ የሚደብቀው ነገር የለም" ብለው የሚምሉልኝ ጋሼ ከበደ እንኳ አያውቁትም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጆይስቲክ የጨበጠ ወጣት ሁሉ ስሜን ያውቀዋል፤ ሥራዬን ግን አንዱም አያውቀውም።

ጋሼ ከበደ ክርስቲያን ናቸው፤ ነገር ሲከብዳቸው ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ያራግፉታል። እኛ ጋ ሰው ተውባውን የሚያደርገው በእሱና በአላህ መካከል ነው። እኔም ስንት ጊዜ ሱጁድ ላይ ግንባሬን ደፍቼ አድርጌዋለሁ! ግን ልጅ ሆኜ ቁርአን ያስቀሩኝ፣ ንባቡን ያስተማሩኝ ሸኽ አንድ ነገር ነግረውኛል፤ አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልማረ እንዲሁ አያልፈውም ብለውኛል። ስለዚህ ዛሬ አንተን፣ የማላውቅህን አንባቢ፣ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ እናገራለሁ። እንድታዝንልኝ አይደለም። እንድትሰማኝ ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እወቅልኝ፤ እኔ ኩሩ ሰው ነኝ። የሚናዘዝ ሰው አንገቱን ይደፋል ይባላል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። ያን ክፉ ሥራ የሠራሁት በኩራቴ ነው፤ ዛሬም አፌን የከፈተልኝ ኩራቴ ነው። የተለወጠው የምኮራበት ነገር ነው። እሱን ስትሰማኝ ትረዳዋለህ።

ስሜ ኑሩ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሮቢት ነው። አባቴ ማሾና ሽንኩርት ያመርት ነበር፤ የእኔ እጅ ግን ለእርሻ አልተፈጠረም። ለጌም ነው የተፈጠረው። ትስቅ ይሆናል፤ ሳቅ። አባቴም ይስቅ ነበር።

የጋሼ ከበደ ጌም ቤት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነበር። ጋሼ ከበደ ዕድሜያቸውን ሙሉ በደሴ መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ወገባቸው አልታዘዝ ሲላቸው ያቺን የቆርቆሮ ቤት ከፈቱ። የሮቢትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ ቆርቆሮ! ቬንትሌተሩ የሚያመጣልን ነፋስ ራሱ ትኩስ ነበር። ላብ ጆይስቲኩን ስለሚያሟልጨው ሁላችንም ጭናችን ላይ ጨርቅ ዘርግተን፣ እጃችንን እየጠረግን ነበር የምንጫወተው።

ታዲያ ከዚህች ቤት ሻምፒዮን እንዴት ወጣ? መንገዱ ነዋ! ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከመቀሌ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አውቶቡስ ለምሳ ሮቢት ይቆማል። ትልልቁ ሰው ምግብ ቤት ሲገባ ወጣቱ እኛ ጋ ይገባል። እኔ የትም ሳልሄድ አገሩ ሁሉ በእግሩ እየመጣ ይገጥመኝ ነበር። የድብድብ ጌም ካላወቅክ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰዎች ስክሪኑ ላይ የየራሳቸውን ተደባዳቢ ይዘው ይገጥማሉ፣ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይከላከላል፣ ጉልበቱ ቀድሞ ያለቀበት ይወድቃል። ሌላ ቦታ ወጣቱ የኳስ ጌም ይወዳል። እኛ ቤት ንጉሡ ድብድብ ነበር፤ የድብድብ ንጉሥ ደግሞ እኔ። አውቶቡሱ ጥሩንባ ሲነፋ ተሸንፎ እየሮጠ የሚወጣው ተሳፋሪ ስንት ነው!

"ስምህ ማነው?" ይሉኛል በሩ ላይ ሆነው።

"ኑሩ። ስትደርሱ ንገሩልኝ" እላቸዋለሁ።

እንዲህ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ፤ ይህ የማንም ሐቅ የለበትም።

አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ብዙ ሰው ወደ እኛ ሸሸ። አህመዲንና እናቱ እትዬ ዘሃራ የመጡት ያኔ ነው። ሰፈራችን ዘመድ ነበራቸውና አንድ ክፍል ለቀቁላቸው። አህመዲን እኩያዬ ነው፤ ሁለታችንም ሃያዎቹን ገና መጀመራችን ነበር። ዓይኑን ያጣው ሕፃን ሳለ በኩፍኝ ነው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲናገር ፊቱን ቀና ያደርጋል።

ጌም ቤቱ መጀመሪያ የገባው ለቬንትሌተሩ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፤ ዝም ብሎ ይሰማል። ሰው ሁሉ ያዝንለታል፤ እኔም አዝንለት ነበር። ማዘን ምን ያህል ቀላል ነው! አንድ ቀን አንዱን የኮምቦልቻ ልጅ እየቀጠቀጥኩ ሳለ ከግድግዳው ሥር ድምፅ መጣ።

"ወንድም፣ ትልቁን ምት ሊመታህ ሲል መጀመሪያ ተደባዳቢው ያጉረመርማል። እሱን ስትሰማ ዝለል።"

ልጁ ዘለለ። ምቴ ባከነ። ቤቱ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"አንተ ደግሞ ምን አይተህ ነው?" አልኩት ዞሬ። ከአፌ ካመለጠ በኋላ ደነገጥኩ።

እሱ ግን ሳቀ። "እኔ አላየሁም፤ አንተ ግን ታሰማለህ" አለኝ።

ጆይስቲኩን የሰጠሁት ለቀልድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከተቀመጥኩ አይቀር፣ ለቀልድ ነበር። እሱ ግን አልቀለደም። በነጋታው መጣ፤ ከነጋታው ወዲያም መጣ። እኔም ቀልዱ እየጠፋብኝ ሄደና ማስተማር ጀመርኩ። እያንዳንዱ ቡጢ፣ እያንዳንዱ ዝላይ የራሱ ድምፅ አለው። ሄድፎን ካደረግክ ደግሞ ባላጋራህ በስተቀኝህ ሲቆም በቀኝ ጆሮህ፣ በስተግራህ ሲቆም በግራ ጆሮህ ይሰማሃል፤ በራስህ ላይ ዘሎ ሲያልፍ ድምፁ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ይሻገራል። እኛ ባለ ዓይኖቹ ልብ ብለነው አናውቅም። አህመዲን ግን የሚያየው በዚያ ነው። ጋሼ ከበደ ሄድፎን ገዙለት። እትዬ ዘሃራ በቀኙ በኩል ክር ቋጠሩለት፣ ቀኝና ግራውን በእጁ እንዲለይ።

ዓመት ሳይሞላ ከእኔ በቀር የሚችለው ጠፋ። ከዚያ እኔንም ቻለኝ። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ ሆነ። መንገደኞቹ ገብተው ሁለታችን ስንጫወት ሲያዩ ምሳቸውን ይረሳሉ። እኔም ኮራሁ። "ያስተማርኩት እኔ ነኝ" እላለሁ ለሁሉም። ልብ በልልኝ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያልኩ ሳለሁ እወደው ነበር። በእውነት እወደው ነበር። ይህን የምልህ ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ ያከብደዋልና ነው።

ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ የድብድብ ጌም ውድድር እንደሚደረግ ሰማን። ከየከተማው ተጫዋች ይመጣል፤ ያሸነፈ ናይሮቢ ሄዶ ለአገሩ ይጫወታል ተባለ። ጋሼ ከበደ ሁለታችንንም አስመዘገቡን፤ አብረውንም ሄዱ። የሄድን ዕለት እትዬ ዘሃራ መናኸሪያ ድረስ ሸኙን፤ የልጃቸውን እጅ አንስተው በእኔ እጅ ላይ አኖሩና "አደራ" አሉኝ። አንዲት ቃል። ሌላ አልጨመሩም።

መንገድ ላይ ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን ጠመዝማዛውን ስንወጣ ብርዱ መጣ፤ እኔ ቆላ ያደግሁት ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ እሱ ሳቀብኝ። ጣርማ በር ላይ ዋሻው ውስጥ ስንገባ የሞተሩ ድምፅ ከግድግዳው ሲመለስ ሰምቶ "ዋሻ ገባን አይደል? ሰፊ ነው" አለኝ። ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ድምፅ እንዳለው ግን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አዳራሹን አይተህ ቢሆን! ስክሪኖቹ የቤት ግድግዳ ያክላሉ። ልጆቹ ማሊያ አሠርተዋል፤ ጆይስቲካቸውን በቦርሳ ይዘው ይመጣሉ። እኛ የመጣነው በፌስታል ነው። አስተናጋጆቹ ሁሉም ተጫዋች የአዳራሹን ሄድፎን ብቻ እንዲያደርግ አዘዙ፤ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ብለው ነው። ችግሩ የእነሱ ሄድፎን ሁለቱም ጎኑ አንድ ዓይነት ነው፤ በእጅ አይለይም። ቀኝና ግራውን የምትናገር አንዲት የታተመች ፊደል ብቻ ነች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት እኔ ፊደሏን አይቼ፣ በእጄ ጆሮው ላይ አደርግለት ነበር። "ቀኙ ቀኝ ነው?" ይለኛል። "ቀኙ ቀኝ ነው" እለዋለሁ።

እኔ አሸነፍኩ። እሱም አሸነፈ። የሐዋሳውን ጣለ፤ የድሬዳዋውን ጣለ። የእሱ ጨዋታ ሲጀመር ሰው ሁሉ ከሌላው ስክሪን እየተነሳ ይመጣል። ካሜራው እሱ ላይ ነው። ስሙን ይጠሩታል፤ "አህመዲን! አህመዲን!" ይላል አዳራሹ። እኔ በሌላው ጥግ የአዳማውን ሻምፒዮን ስጥለው የሚያጨበጭብልኝ ራሱ የአዳማው ጓደኛ ብቻ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ማይክ የያዘች ጋዜጠኛ መጣች። ከአህመዲን ጋር ብዙ አወራች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና በትህትና፣ በፈገግታ፣ "አንተ ነህ የምትመራው?" አለችኝ።

የምትመራው! እኔ! የሮቢቱ ኑሩ! አገር በእግሩ እየመጣ የሚገጥመኝ!  ልጅቷ ምንም ክፉ አልተናገረችም፤ ያየችውን ነው የጠየቀችው፤ በእርግጥም እጁን ይዤ ነበር የቆምኩት። አህመዲን ወዲያው "ኧረ አስተማሪዬ ነው! ለፍጻሜ ከእሱ ጋር እንዳይጥሉኝ ንገሪልኝ እንጂ" ብሎ ሳቀ። እሱ አከበረኝ። እኔ ግን የሰማሁት የፊተኛዋን ቃል ብቻ ነበር። ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ከአንድ ሺህ ምስጋና አንዲት ጥያቄ ለምን በለጠችብኝ?

ፍጻሜውን ሁለታችን ሆንን። የአዳራሹ አስተዋዋቂ "ሁለቱም ከሸዋ ሮቢት!" ብሎ ሲጮህ ሰው "ሮቢት የት ነው?" ይባባላል። ጋሼ ከበደ ከኋላ ወንበር ላይ ወጥተው "ከጣርማ በር ቁልቁል!" ብለው መለሱ። ያን ጊዜ ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነበር። እንደዚያው በቀረሁ።

ከፍጻሜው በፊት የዐስር ሰላት ደረሰ። ከአዳራሹ ጀርባ ምንጣፍ ነገር አነጠፍንና ጎን ለጎን ሰገድን። አሰጋጁ እኔ ነበርኩ። ከሱጁድ ተነስቼ፣ ሰላምታ አሰላምቼ፣ ግንባሬ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው የሄድኩት። ይህን የምነግርህ ማንም አላሳሳተኝም እንድትል ነው። ሰይጣን ነው አልልህም። ሰይጣን ሄድፎን አያደርግም። እኔ ነኝ።

ተቀመጥን። ሄድፎኑን አነሳሁት። ፊደሏን አየኋት። የቀኙ በቀኝ እጄ፣ የግራው በግራ እጄ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁና ዝም ብዬ እንዳለ ባደርግለት ይገለበጣል። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ አዙሬ ነበር የማደርግለት። ያን ቀን አላዞርኩትም። ይኸው ነው። ሥራው ሁሉ ይኸው ነው፤ አንድ ጊዜ አለማዞር። የቀኙ በግራ ጆሮው፣ የግራው በቀኝ ጆሮው ላይ ተቀመጠ።

"ቀኙ ቀኝ ነው?" አለኝ።

"ቀኙ ቀኝ ነው" አልኩት።

ደግሜ ልጻፈው፤ እንዳልሸሸው። "ቀኙ ቀኝ ነው" አልኩት።

ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመጀመሪያው ተጀመረ። አህመዲን እኔ የሌለሁበት አየር ላይ ቡጢ ሰነዘረ። ስመታው የሚሸሸው ወደ እኔው ነበር። አዳራሹ "ምን ሆነ?" አለ። እኔ አላቆምኩም። ለምን አላቆምኩም? አንድ ጨዋታ በቂዬ አልነበረም? አልበቃኝም። መታሁት። እጄ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። አንደኛውን ወሰድኩ። ሁለተኛውንም ወሰድኩ።

ሁለተኛው ሲያልቅ አህመዲን ቀኝ እጁን አነሳ። ወደ ሄድፎኑ ወሰደው። አበቃልኝ አልኩ። ጣቶቹ ሄድፎኑን ነኩት፤ ትንሽ እዚያው ቆዩ። ከዚያ እጁን መልሶ ጆይስቲኩ ላይ አኖረው። አላዞረውም።

ሦስተኛው ተጀመረ፤ ደበደበኝ። እንዴት ልንገርህ? ጆሮው ተገልብጦ፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖበት፣ በጭንቅላቱ ውስጥ መልሶ እያዞረው ደበደበኝ። ስዘልል ጠበቀኝ። ስሸሽ ደረሰብኝ። አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሳ። አራተኛውንም ወሰደ። ሁለት ለሁለት ሆንን። ላቤ ጆይስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል፤ በዚያ ብርድ ውስጥ የሮቢት ላብ አላበኝ።

በአምስተኛው ሁለታችንም የቀረን ጉልበት የአንድ ምት ነበር። በላዩ ላይ ዘለልኩ። እሱ አወቀ፤ ዞረ፤ ግን አንዲት ቅጽበት ዘገየ። የሰማውን በአእምሮው ገልብጦ እስኪያገኘው ነው የዘገየው። መታሁት። ወደቀ። ያቺ ቅጽበት ነች ሻምፒዮን ያደረገችኝ፤ ያቺን ቅጽበት ደግሞ የሰረቅኋት እኔ ነኝ።

ሄድፎኑን ፈጥኜ ከራሱ ላይ አነሳሁለት። ያንንም እኔው አደረግሁት፤ ማንም እንዳያይ። እሱ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን አገኘና አቀፈኝ። "በርትተሃል" አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። አዲስ አበባ ላይም፣ ደብረ ብርሃን ላይም፣ ጠመዝማዛውን ስንወርድም ጠበቅሁት። ምንም አላለኝም።

ሮቢት ስንገባ ባጃጁ ሁሉ ወጥቶ ጠበቀን። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ከተማው ደስታ ጠምቶት ነበር። ጥሩንባ፣ ጭፈራ፣ እልልታ ሆነ፤ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ "የይፋት ልጅ!" እያሉ ግንባሬን ሳሙኝ። በዚያ ግርግር መሐል እትዬ ዘሃራ ሰውን ገፍተው መጡ። መጀመሪያ ልጃቸውን አቀፉ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ያዙና መዳፌን ገልብጠው ሳሙት።

"ልጄ፣ ዓይን ሆንከው። አደራዬን ጠበቅክልኝ። አላህ እነዚህን እጆች ይጠብቅልህ" አሉኝ።

እነዚህን እጆች! "አሚን" አልኩ። ምን ልበል? አሚን አልኩ።

ናይሮቢ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ተሸንፌ ተመለስኩ። ሮቢት ግን አልጠላችኝም፤ "ደርሶ መጥቷል" አለች። የራሴን ጌም ቤት ከፈትኩ፤ በሩ ላይ "ሻምፒዮኑ" ብዬ በትልቁ አጻፍኩ። ወላጆች ልጆቻቸውን እያመጡ "እንደ እሱ ሁን" ይሏቸዋል። አህመዲን ከእኔ ጋር መጫወት ተወ። አልተጣላንም፤ ሰላም እንባባላለን፤ ግን ጆይስቲክ ስሰጠው "ዛሬ ደክሞኛል" ይለኛል። አጣዬ ቤት መሠራት ሲጀምር እናቱን ይዞ ተመለሰ። እፎይ አልኩ። ይህንንም ጻፍብኝ፤ እፎይ ብያለሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ረመዳን ዋዜማ፣ ሰው ሁሉ እየተፈላለገ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ በሚባባልበት ሰሞን፣ ከአጣዬ የመጣ አንድ ተሳፋሪ ቤቴ ገብቶ ገጠመኝ። ጥሩ ተጫዋች ነበር። የት ተማርክ ብለው "እኛ ጋ አህመዲን የሚባል አለ" አለኝ። በነጋታው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። አዲስ ቆርቆሮ፣ በሩ ክፍት፣ ውስጡ በወጣት የተሞላ። አህመዲን መሐላቸው ተቀምጧል። ገና በሩን ስረግጥ ፊቱን ቀና አደረገ።

"ኑሩ" አለ። "አረማመድህ አልተለወጠም።"

ወጣቶቹን አስወጣቸው። ሻይ አስመጣልኝ።  "አህመዲን፣ አዲስ አበባ ላይ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሄድፎኑን ነው?" አለኝ።

ሻዩን መሬት ላይ አኖርኩት። "ታውቃለህ?"

"መጀመሪያ ቦታ ያለዋወጡን መሰለኝ። ቀጥሎ የቸኮልክ መሰለኝ። ሁለተኛው ሲያልቅ ግን እጅህ ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ ሄድፎኑን ስታዞረው እሰማ ነበር። ያን ጊዜ አልሰማሁም።"

"ታዲያ ለምን አላዞርከውም? ለምን አልጮህክም?"

ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ። "ባዞረው ዳኛው ያያል። ዳኛው ካየ ጨዋታው ይቆማል፤ አዳራሹ ሁሉ 'የሮቢት ሰው ዓይነ ስውር ጓደኛውን አታለለ' ይላል። የሮቢት ሰው እኔንም እናቴንም ቤቱ አስገብቶናል፤ ይህን ስም ላወጣለት አልፈለግሁም። ደግሞ እኔ ልከስህ አልነበረም የሄድኩት። ላሸንፍህ ነው። እንደ ተገለበጠ ላሸንፍህ ፈለግሁ።" ፈገግ አለ። "ሊሆንልኝ ትንሽ ቀረኝ፣ አይደል?"

"ትንሽ ቀረህ" አልኩት። 

"ሁለቱን በተገለበጠ ጆሮ ወስጄብሃለሁ። እንዲህ ያደረገ ሰው በዓለም ላይ የት አለ?" አለና ፊቱን ይበልጥ ቀና አደረገ። ያን ፊት ብታየው! እንደዚያ ያለ ኩራት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። የእኔ ዋንጫ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አድርጎ አላበራኝም።

"ወላሂ፣ አፉ በ..." ብዬ ስጀምር እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

"ለኔ አትንገረኝ፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለኔ መንገር ለአንተ ቀላል ነው። ያን ቀን ላጨበጨቡልህ ንገራቸው። ከዚያ ና። አፉ ልበልህ አልበልህ ያኔ አየዋለሁ።"

ስወጣ እትዬ ዘሃራ በር ላይ አገኙኝ። አርጅተዋል። ዳቦ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ለመንገድህ አሉኝ። ተቀበልኳቸው። ለእሳቸውም ያኔ አልተናገርኩም። እትዬ ዘሃራ፣ ይህን አንድ ሰው ያነብልዎታል፤ ያኔ የሳሙትን እጅ ምን ሊሉት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ይበሉት። አቤት አልልም።

እነሆ ተናገርኩ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ልጅ አልነበርኩም። ጋዜጠኛዋ አናደደችኝ አልልም። ሮቢት ደስታ ጠምቷት ነበርና ዝም አልኩ ብልም ውሸት ነው፤ ዝም ያልኩት ጭብጨባው ስለጣፈጠኝ ነው። በሬ ላይ ያለውን ጽሑፍ ትናንት ራሴ መሰላል ላይ ወጥቼ ፍቄዋለሁ። ጋሼ ከበደ "ምነው ምን ሆንክ?" አሉኝ። "ነገ ያነቡታል" አልኳቸው።

ግን አሁንም ኩሩ ነኝ። ከዚህች ሙቅ ከተማ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ጆሮው ተገልብጦበት ከሻምፒዮን ላይ ሁለት ጨዋታ የነጠቀ ሰው ወጥቷል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የበደልኩትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ስሜ ተሸክሞ ይኑር፤ አንዱን ለሌላው ካሣ አላደርገውም።

አንተ የምታነበኝ ደግሞ፣ ያን ቀን መናኸሪያው ላይ ካጨበጨብክልኝ አንዱ ከሆንክ፣ እኔን መስደብ መብትህ ነው፤ መጥተህ ስደበኝ። ቀድመህ ግን ሚኒባስ ያዝና አጣዬ ሂድ። ሩቅ አይደለም። በሩ ላይ ቁምና አጨብጭብለት። "ማነው?" ይልሃል። ከሮቢት ነኝ በለው።